ጥቁር ሰም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3

ለቁንጫዬ፣

የሰም ሌባ የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ከሱቄ ጫማ ይሰረቃል፤ ይህ የታወቀ ነው። አንዱማ የግራውን ብቻ ሰርቆ ሄዶ በሳምንቱ «ቀኙን አላየኸውም?» ሲል ተመልሶ መጥቷል። ሰም ግን? ያውም የእኔን ጥቁር ሰም፣ የንብ ሰም ከመብራት ጥላሸት ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ያሸሁትን፣ ከእኔ በቀር ማንም የማይሠራውን? ክሬ ሁሉ ደርቆ ቀረ። ትናንት የጥርስ ሐኪሙን ጫማ በደረቅ ክር ሰፋሁለት። ዝናብ ሲመጣ እግሩ ይረጥባል፤ እሱም በተራው በጥርሴ ይበቀለኛል። ይህ ሁሉ በአንቺ ጦስ ነው።

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን መጀመሪያ መጻፍ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ነገር ግን ማንበብ የተማረው ጫማ በተጠቀለለበት ጋዜጣ የሆነ ሰው፣ ደብዳቤ ከየት እንደሚጀመር ማን ይነግረዋል? ጋዜጣው ሁልጊዜ አናቱ የተቀደደ ነበር።

ከተራራው ሥር የላክሽውን ወረቀት የጭነት መኪናው ሹፌር አድርሶልኛል። «እንደማንኛውም ተጓዥ ጫፉን አይቼ ልመለስ ነው» ብለሻል። ደግ አደረግሽ። ሰው በዓመት አንዴ ከፍ ብሎ ዓለምን ቁልቁል ቢያያት አይከፋም። ጫማሽን በገዛ እጄ ስለሠራሁት አልሰጋም። ግራ ተረከዙ ላይ ግን አንድ ትርፍ ሚስማር መትቼበታለሁ፤ በድንጋይ ላይ ስትሄጂ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። እንዳትነቅዪው። ገና ከመንገዱ ጫፍ ስትመጪ አንቺ መሆንሽን እንዳውቅ ብዬ ነው።

ስለጠየቅሽኝ ነገር። አባትሽ የወደቀበት ቦታ «ምላጩ» ይባላል። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለ፣ ግራ ቀኙ ገደል የሆነ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምበት የበረዶ ጠርዝ ነው። የቀረውን መቶ ጊዜ ነግሬሻለሁ፤ መቶ አንደኛው ምን ይጨምርልሻል? ታላቅ ወንድሜና መንገድ መሪው በአንድ ገመድ ታስረው ነበር። እኔ ቀድሜ ወርጄ ነበር። አባትሽ ሲንሸራተት መሪው ገመዱን ቆርጦ ነፍሱን አዳነ። ከመሪው ወገብ የፈታሁትን ቁራጭ ለእናትሽ አመጣሁላት፤ ሣጥኗ ውስጥ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። መሪውም ይሄኔ ወይ ሸምግሏል ወይ ሞቷል። አትጠይቂ።

ጫፉን እይና ውረጂ። ስትጽፊልኝም ለአንዲት ቀን እንኳ «እርስዎ» በይኝ። ከተወለድሽ ጀምሮ «አንተ» እያልሽ አንድ ቀን አክብረሽኝ አታውቂም።

የተዘረፈው አጎትሽ

ከፈረምኩ በኋላ አየሁ፦ ቆልማማዋ የቆዳ ቢላዋዬም ሚስማሯ ላይ የለችም። ተራራ የሚጎበኝ ሰው ቢላዋ ምን ያደርግለታል?


እሑድ፣ ጥቅምት 8

ለአጎቴ፣

ስለ ሰሙ ይቅርታ። ግን አልመልስም። በረዶ የሚገባው በስፌት በኩል ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተው ነህ።

ጥርስህ እንዴት ነው? ከሐኪሙ በፊት ቀድመህ ይቅርታ ጠይቀው።

አሁን ያለሁት የመጨረሻው ማረፊያ ቤት ነው። አንድ ረጅም ክፍል፣ ሁለት ረድፍ የብረት አልጋ፣ መሃል ላይ ምድጃ። ከምድጃው በላይ በሽቦ የተሰጡ የሃያ ሰው ካልሲዎች ይንጠባጠባሉ። ተጓዡ ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ነፋስ ያወራል። ከመስኮቱ ጫፉ ይታያል። ትንሽ ነው አጎቴ። ያን ሁሉ ሰው የበላ አይመስልም።

መሪው አልሞተም። አልሸመገለምም። «ሁለት ጣት» ይሉታል። ቀኝ እጁ ላይ አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ቀርተውታል፤ ገመድ ሲቋጥር ጥርሱ ያግዘዋል። ከዚህ ካሉት መሪዎች ሁሉ እሱን መረጥኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አላወቀም።

የቤቱ ደፍ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ሦስት ቦታ ተፈነካክቷል። ጣቴን አስገብቼ ለካሁት፤ የመዶሻህ አፍ ልክ ነው። እናቴ ወንድሞቿ ያደረጉትን የነገረችኝ ቀን አሥር ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ቀን ነው። አንድ ነገር ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ጣቶቹን ሲሰብሩት ጮኸ ወይ?

ትናንት አንድ ዕቃ ተሸካሚ «ጣቶችህን ለማን አውሰሃቸው ነው?» ብሎ ሳቀበት። ሁለት ጣት የሾርባውን ድስት ከእሳቱ አንስቶ ፊቱ ላይ ደፋው። ሰውየው ግማሽ ፊቱ ተልጦ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ቁልቁል ወረደ። ሁለት ጣት ወለሉን ጠረገና ቁጭ ብሎ ዳቦውን በላ። እንዲህ ያለ ሰው ገመድ አይቆርጥም የሚለኝ ካለ ይምጣ።

ነፋሱ ሲተኛ እንወጣለን ብሎኛል። በአንድ ገመድ፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ። ምላጩ ላይ ስንደርስ ገፍቼ እጥለዋለሁ። አባቴ የጮኸውን ያህል እስኪጮህ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ እቆርጣለሁ። ቢላዋዋ ለምን እንደሆነች አሁን አወቅህ።

መሣሪያ ለሰው ስትሰጪ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አዙሪ ብለህ ያስተማርከኝን አልረሳሁም። እሱ ግን የሚቀበላት በስለቷ በኩል ነው።

ቁንጫህ


ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

ቁንጫዬ፣

ነይ። እናትሽ ታማለች። ምን እንደሆነች ሐኪሙም አላወቀም፤ እህል አይወርድላትም፣ ስምሽን ብቻ ትጠራለች። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽበት መኪና ተመለሺ።

ደግሞስ አንቺ ሰው መግደል ታውቂያለሽ? አይጥ ወጥመድ ውስጥ ገብታ ያለቀስሽው አንቺ አይደለሽ? ወጥመዱን ሰብረሽ አይጧን ለቀሽ፣ እሷም ውለታሽን ልትመልስ ከእኔ መደርደሪያ የሙሽራ ጫማ በላች። ሙሽራውን በአንድ እግር ጫማ የዳርኩት እኔ ነኝ። እንዳልኩሽ ነይ።

ጮኸ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስለዚህ ነገር ባትጠይቂኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከጠየቅሽ ግን ልንገርሽ። አልጮኸም። የእናትሽ ወንድሞች እጁን ደፉ ላይ ዘረጉት፤ ታናሹ መዶሻውን ያዘ። መዶሻው የእኔ ነው። ክንዱን ተጭኜ የያዝኩትም እኔ ነኝ፤ ይህንን እናትሽ አትነግርሽም፣ ምክንያቱም አላየችም። ሰውየው መዶሻ የያዘውን አላየም። የመጀመሪያው ጣት ሲደቅ ያየው እኔን ነው። ሁለተኛውም ሲደቅ እኔን ነው። አጥንቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ነበር የሚሰበረው። ከሦስተኛው በፊት አንድ ነገር አለኝ። ምን እንዳለኝ ረስቻለሁ።

እስከ ዛሬ ሶል ስመታ ያ ድምፅ ይመጣል። ደንበኛ ሲገባ እንደ ጎረምሳ የምለፈልፈው ለምን ይመስልሻል?

ሦስት ጣት ተቀብለናል ልጄ። ይብቃን። ተራራውን ጎብኝተሻል፤ ከመስኮት ካየሽው አየሽው ነው። ሰውየውን ተዪው። ለእኔ ስትዪ ተዪው።

እናትሽ በጣም ታማለች።

አጎትሽ


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17

ለአጎቴ፣

እንደምን አሉ?

እናቴ አልታመመችም። ሹፌሩ ረቡዕ ዕለት ጣራ ጠጋኙን መሰላል ላይ አቁማ ስትሰድበው አይቷታል። «ድምፅዋ እስከ ጎማ ቤቱ ይሰማ ነበር» ብሎኛል። ስለዚህ ዋሹኝ። ለምን እንደዋሹኝ ስጠይቅ ሦስት ቀን አለፈኝ፤ አሁን ግን የምጠይቅዎ ሌላ ነገር አለ።

እሑድ ከሰዓት ጫማዬን ሰም እየቀባሁ ነበር። ሁለት ጣት ዳቦውን አስቀምጦ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«እስቲ ስጪኝ» አለ። አሸተተው። «ከየት አመጣሽው?»

«ከአንድ ጫማ ሰፊ።»

«ጥቁር ሰም በሕይወቴ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው» አለ። «የገመድ ጫፍ ላይ።»

ገመዱን አምጥቶ አሳየኝ። እዚህ ያሉ ሰዎች ገመድ ሲቆርጡ ጫፉን በእሳት ይለበልቡታል፤ ይደርቃል፣ አይበተንም። ሰም ብርድ ላይ ስለሚሰነጠቅ ተራራ ላይ የኖረ ሰው ሰም አይቀባም። «ሰም የሚቀባው» አለኝ፣ «ክር መርፌ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ነው።»

የአባቴን ገመድ ከእናቴ ሣጥን አውጥቼ ይዤው መጥቼ ነበር። ከቦርሳዬ አወጣሁት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር የአባቴ ደም ይመስለኝ ነበር። ስንቴ ስሜዋለሁ። በጥፍሬ ፋቅሁት። ደም አይሸትም፤ የእርስዎን ሱቅ ይሸታል።

ያኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ገባው። ቢላዋዋ ጭኔ ላይ ነበረች፤ አይቷታል።  አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ጀርባውን ሰጠኝ።

ወይ ይህ ሰው ያኔ የእርስዎን ሰም አይቶ ዛሬ ሊያታልለኝ ነው፤ ወይ ደግሞ ሌላ ነው። ሌላውን መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ማን ነው የቀባው?

ቅዳሜ ሳይነጋ እንወጣለን፤ ነፋሱ ተኝቷል። ከዚያ በፊት ይመልሱልኝ። ካልመለሱልኝ ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንደዋሻችሁ አውቄ ምላጩ ላይ እቆማለሁ። እዚያ ደግሞ እጄ የሚደርሰው በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ሐሙስ፣ ጥቅምት 19

ለወንድሜ ልጅ፣

እንድታከብሪኝ ለምኜሽ ነበር፤ አከበርሽኝ። ከመዶሻ ይብሳል።

ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ቆሟል። ሁለት ቀን ሳይተኛ ከነዳ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይደርሳል። ስለዚህ ቀልድ የለኝም።

እኔ ነኝ የቀባሁት።

ገመዱ ላይ የነበርነው አባትሽና እኔ ነን። መሪው መንገዱን ሊያይ ቀድሞን ሄዶ ነበር። ጫፉ ላይ ስንደርስ አባትሽ ድንጋዩ ላይ ስምሽን ሊጭር የቀኝ ጓንቱን አወለቀ። ደበቅሁበት። ለቀልድ ነው፤ ታውቂኛለሽ። ሲፈልግ ሳቅሁ። ነፋስ ወሰደው መሰለው። ስንወርድ እጁ ነጭ ሆነ። ትንሽ ይንከራተትና እሰጠዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። ትንሽ፣ ትንሽ እያልኩ ምላጩ ላይ ደረስን። እዚያ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት፤ ዞሮ ሲያየኝ ፊቴ ላይ ሳቅ ነበር። ገባው።

የበረዶ መጥረቢያውን እጀታ አፌ ላይ አሳረፈው። ከብስክሌት ወድቄ የሰበርኳቸው ያልኩሽ ሁለት ጥርሶቼ እዚያ ናቸው። እኔም ደሜን እየተፋሁ ደረቱን ገፋሁት። አጥብቄ ነው የገፋሁት። ልጥለው አስቤ ነበር? አሥራ ሁለት ዓመት ራሴን ጠይቄ መልሱን አላገኘሁትም፤ አንቺ ብትጠይቂኝም ይኸው ነው።

ወደቀ። ገመዱ ያዘው፣ እኔን ደግሞ በሆዴ እየሳበ ወደ ጠርዙ ወሰደኝ። አባትሽ «አድነኝ» ብሎ አልጮኸም። «ጓንቴን! አንተ፣ ጓንቴን ወርውርልኝ!» ነበር የሚለው። በባዶው እጁ ገመዱ አልጨበጥ ብሎት ነው፤ ጓንቱን ቢያገኝ ጨብጦ ይወጣ ነበር። ወይም አይወጣም ነበር። ጓንቱ ኪሴ ውስጥ ነው። አንዱ እጄ በረዶውን ይዟል፤ በአንዱ እጄ ወይ ጓንቱን ማውጣት እችላለሁ፣ ወይ ቢላዋዋን። ያቺኑ አሁን አንቺ ዘንድ ያለችውን።

ቢላዋዋን አወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ተቀምጬ ቀረሁ። መሪው ሲመለስ የሚያየው እጄን ነበር፤ እኔም አየሁት። እጄ ከኪሴ ሰም አውጥቶ የገመዱን ጫፍ እየቀባ ነበር። እንዳይበተን። ክር በቆረጥኩ ቁጥር የማደርገው ይህንን ነው። እጅ የለመደውን አይተውም፤ ወንድም ቢገድልም አይተውም።

መሪው ያየውን ለሁሉም ተናገረ። ማን ያምነዋል? እኔ አስቂኙ አጎት ነኝ። ቁራጩን የፈታሁት ከራሴ ወገብ ነው። ደፉ ላይ ክንዱን የያዝኩት ደግሞ፣ ባልይዝ ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው። ያለኝንም አልረሳሁትም። «ለልጁ ምን ልትላት ነው?» ነው ያለኝ። የሚያውቅሽ ያኔ አባትሽ በመንገድ ላይ ስላንቺ ሲያወራለት ሰምቶ ብቻ ነበር።

ገመዱን አትቁረጪ። ከእሱ ጋር ታሥረሽ ከእሱ ጋር ውረጂ። ቢላዋዋን አምጪልኝ፤ በየትኛው በኩል እንደምትሰጪኝ አንቺ ትወስኛለሽ። አባትሽ ላይ ያደረግሁትን አውቀሽ ስትመጪ ሱቁ ክፍት ነው፤ የትም አልሄድም።


ሰኞ፣ ጥቅምት 30

ለቁንጫ፣

የጥርስ ሐኪሙ መጣ። እንዳልኩት እግሩ ረጥቧል። ጫማውን ጠረጴዛዬ ላይ ገልብጦ ውሃውን አፈሰሰልኝና «አንተም እኔ ጋ ቀጠሮ አለህ» ብሎኝ ሄደ። ያለ ሰም ያስቀረሽኝ አንቺ ነሽ፤ የምትካሺኝ አንቺ ነሽ።

ይህን የት እንደምልከው አላውቅም። ሹፌሩ ዓርብ ዕለት ደብዳቤዬን መልሶ አመጣልኝ። እንደታሸገ ነው። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ሲደርስ ወጥታችኋል። አንድ ቀን ጠበቃችሁ። በማግስቱ ነፋስ ተነሳ፣ ጫፉ ተሸፈነ፣ ማንም አልወረደም። ጭነት ስለነበረበት ተመለሰ። ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም፤ የጫማ ማሰሪያውን ነው ያየው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን መዶሻ አላነሳሁም። እናትሽ ትናንት መጥታ «ምን ጻፈችልህ?» አለችኝ። ደህና ናት አልኳት። «አንተ ስትለኝ ነው ደስ የሚለኝ» አለችና ሳቀች። ይኸውልሽ፣ ዛሬም ያምኑኛል።

የታሸገው ደብዳቤ እፊቴ ነው። ከእኔ በቀር ያነበበው የለም። ምድጃው ከጉልበቴ ስንዝር አይርቅም፤ ማስቲሽ የማሞቅበት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይነዳል። አንቺ ከቀረሽ፣ እሱም ከቀረ፣ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። እናትሽ በሐዘኗ ላይ ሐዘን አይጨመርባትም። እኔም አስቂኝ አጎት ሆኜ እሞታለሁ፤ ቀብሬ ላይ ሰው ሁሉ የሰረቁኝን የግራ እግር ጫማ እያነሳ ይስቃል። ከጠዋት ጀምሮ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ወደ እሳቱ አቅርቤ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ጥጉ ጠቁሯል። ይህንን የምጽፍልሽ እጄን ሥራ ላስፈታው ብዬ ነው፤ እስክሪብቶ ከያዘ ሌላ አይዝም። ቁንጫ፣ በሕይወት ካለሽ እንዴት አድርጌ

በሩ ተመታ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በዚህ ዝናብ ደንበኛ አይመጣም። ደግሞ ደንበኛ በጣቱ አንጓ ነው የሚያንኳኳው። ፖሊስ በጡጫው፣ እናትሽ በእግሯ። ይህ በመዳፍ ነው፤ እርጥብ ቆዳ ድንጋይ ላይ ሲጣል የሚሰማው ዓይነት።

ደገመ። ደህና ግራ እጅ እያለው በቀኙ ለምን እንደሚመታ አውቃለሁ። እጅ የለመደውን አይተውም።

አልከፍት ስል መምታቱን አቆመ። ከኋላው፣ የመንገዱ ድንጋይ ላይ፣ ቀጭ አለ። ዝም። ደግሞ ቀጭ።

የእኔ ሚስማር ነው።

ደብዳቤውን ከእሳቱ አርቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። የአባትሽን ጓንት ከጫማ ፎርማዎቹ ኋላ፣ ከደበቅሁበት አውጥቼ ከላዩ አድርጌዋለሁ። ከጎኑ መዶሻው አለ፤ እጀታውን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ።

ልክፈት።